ሽንፈቴ ይመለስልኝ፦ ለተፋላሚዎች ጉልበት ማመጣጠኛ ክፍል

ለ«የወደቡ ጀግኖች» የድብድብ ጌም አዘጋጆች
የተፋላሚዎች ጉልበት ማመጣጠኛ ክፍል
ለክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ከወንበርዎ፣ ዓይንዎ ከስክሪንዎ፣ ጣቶችዎም የአንዱን ጉልበት ቀንሰው ለሌላው ከሚጨምሩበት ሰሌዳ ጋር በሰላም ተስማምተው እንደሚውሉ ተስፋዬ ሙሉ ነው። እኔና ባለቤቴም ሰሞኑን ዓይን ለዓይን መተያየት ካለመቻላችን በቀር ደኅና ነን። ስለ አማቴ ግን እንዲህ አፌን ሞልቼ ለመናገር አልደፍርም። ይህን ደብዳቤ በአስተያየት ገጽዎ ላይ ለመለጠፍ የተነሣሁትም በእሳቸው ምክንያት ነውና ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ማንነቴን ለማወቅ ቢፈልጉ፣ እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅን ተጭኖ ምድር ቤት የወረደ ሰው ሲሳደብ ስሙ የሚነሣው፣ በሁለት ፎቅ መካከል የቀረ ሰው ሲያለቅስ የሚጠራው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከቁልፍ ጋር ስውል በቁልፍ ጨዋታ የማልቻል ሰው እንዳልመስልዎ ግን እሰጋለሁ። ክቡር ሆይ፣ እኔ በጌምዎ ተሸናፊ ነኝ። ዕድል ከዳኝ፣ መብራት ጠፋብኝ፣ ጆይስቲኩ ተበላሽቶ ነው የምል አልፎ ሂያጅ ተሸናፊ አይደለሁም። በጌምዎ ክፍል ሁለት ዘመን ሁሉ፣ በጤናዬም በሕመሜም፣ ጠግቤም ሆነ ተርቤ፣ ያለማወላወል የተሸነፍኩ ሰው ነኝ። ቅሬታዬም ተሸነፍኩ የሚል አይደለም። ሽንፈቴን ስለቀማችሁኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ በየቀኑ ስትደውል «ደህና ነኝ» ብለው ይዘጉባታል። በልተው ይሁን ሳይበሉ፣ ተኝተው ይሁን ሲያለቅሱ ያደሩ፣ ከዚያች ከአንዲት ቃል በላይ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። እንደምንም ለምነን አንድ እሑድ ለምሳ አመጣናቸው። ምሳው እስኪቀርብ እኔ ከማሽኑ ጋር እየተደባደብኩ፣ እንደ ልማዴም እየተቀጠቀጥኩ ሳለሁ፣ ከኋላዬ ቆመው ጥቂት ተመለከቱኝና «አንተ ልጅ፣ እንዲህማ አይደለም፤ እስቲ አምጣው» አሉ። ቀዛፊውን መረጡ። ያንን መቅዘፊያውን እንደ ጦር የሚይዘውን፣ ወገቡ ቀጥ ያለውን ሽማግሌ ማለቴ ነው። ጆይስቲክ ይዘው ለማያውቁት ለእኚህ ሰው በመጀመሪያ ግጥሚያቸው እጄን ሰጠሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ባለቤቴ ሽንኩርቱን ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይመጣሉ፤ ይቀጠቅጡኛል፤ ከዚያ ከልባቸው ይበላሉ። ምሳ ላይ ስለ ሰጧቸው ፍጹም ቅጣት ምቶችና ስለ ተወረወሩባቸው ጠርሙሶች ያጫውቱናል። አንድ ደንብ ብቻ አወጡ፦ ተፋላሚ መቀየር ክልክል ነው። «የመረጥከውን ይዘህ ተሸነፍ» ብለው ነገሩኝ፤ እኔም ቃሌን ጠብቄ ተሸነፍኩ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና የአባቷን ሳቅ ስትሰማ ማንኪያዋን ይዛ ስትቆም አይቻታለሁ። ለዚህ ሁሉ ክፍልዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ይኼ ምስጋና የምሬን ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ግን እንደ አመጣጣቸው ይቀበሏቸው።

የጌሙ ክፍል ሦስት ወጣ። ባለቤቴ ለአባቷ ደስታ ብላ ገዛችው። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

አንደኛ፦ ስለ ዳቦ ጋጋሪው። የእኔ ተፋላሚ ዳቦ ጋጋሪው እንደሆነ ከመዝገብዎ ያውቁታል። በክፍል ሁለት ከተፋላሚዎች ሁሉ ደካማው ሲሆን፣ ቡጢው የሚደርሰው ባላጋራው ጉዳዩን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነበር። ተጫዋቾች «ትራሱ» ይሉታል። እኔ የመረጥኩት ሆዱ የእኔን ስለሚመስል ነው፤ ሌላ ምንም ስልት አልነበረኝም። ያኔ ክፍልዎ የኔን ችሎታ ከየት እንደለካው ባላውቅም በልኬ ሰፍቶልኝ ነበር። በክፍል ሦስት ግን ያንን ሆድ ነፋችሁት። አሁን ማንኛውም ቁልፍ ሲነካ ሆዱ ወደፊት ይወነጨፋል፤ ባላጋራው አየር ላይ ይወጣል፤ ተከታዮቹ ምቶችም የማንንም እርዳታ ሳይጠይቁ ራሳቸው ይቀጥላሉ። በማስታወቂያችሁ ላይ ማሻሻያው «ገና ቁልፍ ላልለዩ ጀማሪዎች እንዲመች» የተደረገ ነው ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያህል ዓመት ስጫወት ኖሬ በመጨረሻ የሚገባኝን ማዕረግ ስለሰጣችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ቀዛፊው መቅዘፊያ። ይህንን «ጥቃቅን ማስተካከያ» ብላችሁታል። መቅዘፊያውን አሳጠራችሁት፤ ቢለካ አንድ መዳፍ ቢሆን ነው። አማቴ የሚጫወቱት ራቅ ብለው ነበር። ሜዳ ላይ ዳኛ ከኳሱ እንደሚርቀው ያህል ይርቁና፣ እኔ ስንደረደር ስመጣ በመቅዘፊያው ጫፍ ግንባሬን ይሉኛል። በአዲሱ ጌም የመጀመሪያውን ምት ሰነዘሩ፤ አየር ላይ ቀረ። ደገሙት፤ አሁንም ቀረ። ያን ጊዜ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት፤ ቴሌቪዥኑንም ጠጋ ብለው አዩት። «ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ» አሉ። ክቡር ሆይ፣ እኚህ ሰው ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ዕውር ነህ እያለ ሲጮህባቸው ዓይናቸውን ተጠራጥረው የማያውቁ ናቸው። ሕዝብ ያቃተውን እናንተ በአንድ መዳፍ ማሳጠር ፈጸማችሁት። እኔም በዚያች ሰዓት ሻይ ይምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

ሦስተኛ፦ ስለ ድሌ። ዋናው ይህ ነው፤ ስለሚረዝምም ይታገሡኝ። ሻዩ መጣ። ብርጭቆውን ለመቀበል ዘወር ስል ክርኔ ጆይስቲኩን ነካው። ዳቦ ጋጋሪው በሆዱ ተወነጨፈ፤ ቀዛፊው ከወደቡ ድልድይ ላይ ተነሥቶ ባሕር ገባ፤ ስክሪኑም በወርቅ ፊደል «ድንቅ ድል!» አለ። እኔ ይህን ጽሑፍ በራሴ በኩል አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ የመጣልኝ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ የሚል ሐሳብ ነው። በሁለተኛው ዙር ላይ ደንግጬ ምንም ላለመንካት ወሰንኩ። ጆይስቲኩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ፣ ማንም እንዳይጠረጥረኝ ሁለት እጆቼን ወደ ላይ አነሣሁ። ክፍልዎ ግን ለዚህም ተዘጋጅቶበት ኖሯል። ዳቦ ጋጋሪው ብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ከቆመ ያዛጋል፤ ሲያዛጋ ሆዱ ይነፋል፤ የተነፋው ሆድ ደግሞ የተጠጋውን ሁሉ ይገፋል። አማቴ መቅዘፊያቸው ስላጠረባቸው መጠጋት ነበረባቸው። ተጠጉ፤ ዳቦ ጋጋሪው አዛጋ፤ ቀዛፊው ባሕር ገባ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እጄን እንዳነሣሁ ነበርኩ።

አማቴ ስክሪኑን አላዩም። ያነሣኋቸውን እጆቼን ነበር የሚያዩት። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «እጅህን አንሥተህ እንዲህ ካሸነፍከኝ፣ እጅህ ቁልፉ ላይ እያለ ያን ሁሉ ዘመን እንዴት ስትሸነፍልኝ ኖርክ?» አሉኝ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። ሰሃን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ ብላ፣ ነገር ላበርድ ብላ፣ በዓለም ላይ ካሉት ቃላት ሁሉ የባሰውን መረጠች። «አባዬ፣ አትቀየም በናትህ፤ እሱ እኮ ያን ሁሉ ጊዜ የተሸነፈልህ ለአንተ ሲል ነው» አለቻቸው።

ይህ ዐረፍተ ነገር አማቴ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንዲገባዎ፣ ሜዳ ላይ የሚጠሉት አንድ ነገር ብቻ እንደነበረ ልንገርዎ፦ አውቆ መሸነፍ። ስድብ ይችላሉ፤ ድንጋይም ችለዋል። አንድ ጊዜ ግን ተከላካዩ ኳሷን አይቶ እንዳላየ ሲያሳልፋት አይተው፣ ጨዋታውን መሃል ላይ አቁመው፣ ሁለቱም ቡድን እየተከተለ ሲሰድባቸው ከሜዳ ወጥተዋል። ያን ቀን የወጡት ከባዳ ሰዎች መካከል ነበር። በዚያች እሑድ የወጡት ከልጃቸው ቤት ነው። ኮታቸውን ለበሱ፤ «ለካ እንደ ሕፃን ስታባብሉኝ ነው የከረማችሁት» አሉ፤ ምሳው ሳይቀርብም ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ባለቤቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። ወደዚያችው ቃል ተመልሰናል፤ ክፍል ሦስትን ስንመርቅ የከፈልነው ይህን ነው።

አራተኛ፦ ስለ ትዳሬ። አማቴ እንደወጡ ለባለቤቴ እውነቱን ነገርኳት። አንድም ቀን አውቄ እንዳልተሸነፍኩ፣ ያየችው ሽንፈት ሁሉ በላቤ የመጣ እንደሆነ፣ የቻልኩትን ሁሉ አድርጌ እንኳ አንድ ዙር ለመውሰድ እንዳቃተኝ ማልኩላት። ባለቤቴ በመድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ የሰው ፊት አይታ ሕመሙን የምታውቅ ሴት ናት። ፊቴን አየችና እውነት መሆኑ ገባት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። «እውነትህን ነው? አንድም ቀን?» አለችኝ። አንድም ቀን አልኩ። ሰሃኑን አስቀመጠችና፣ «እኔ እኮ ደግ ሰው ያገባሁ መስሎኝ ነበር» አለች። ለካ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ፣ ባሌ ለአባቴ ሲል በየእሑዱ ይሸነፋል እያለች ስታወራልኝ ኖራለች። መድኃኒት ቤቱ ስገባ ሴቶቹ እንደዚያ ፈገግ የሚሉልኝ ለሌላ ነገር መስሎኝ ነበር፤ እሱም ቀረ። እንግዲህ በአንድ ማሻሻያ ለአማቴ አታላይ፣ ለሚስቴ የማይረባ ሆኛለሁ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማመጣጠን ከክፍልዎ በቀር ለማን ይቻላል?

አምስተኛ፦ ስለ መልሳችሁ። አማቴ ቤት ክፍል ሁለትን በጉያዬ ይዤ ሄጃለሁ። በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ደግሞ ልታባብለኝ መጣህ?» ብለው ዘጉት። የሥራ ባልደረባዬንም አማከርኩ። እሱ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ እያለ፣ «አንተ መሸነፍህን ለማስረዳት ማስረጃ የሚያስፈልግህ የመጀመሪያው ሰው ነህ» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። በመጨረሻ ለክፍልዎ በትሕትና ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው ደረሰኝ፦ «አስተያየትዎ ደርሶናል። በድልዎ እንኳን ደስ አለዎት!» ይላል። ለዳቦ ጋጋሪዬም ወርቃማ ሽርጥ ተሸልሜአለሁ። ሽርጡ ሆዱን ይበልጥ አጉልቶታል።

ክቡር ሆይ፣ የምጠይቅዎ ነገር ትንሽ ነው። በየማስታወቂያችሁ ላይ የእያንዳንዱን ግጥሚያ፣ የእያንዳንዱን ቁልፍ ንክኪ መረጃ እንደምታስቀምጡና የተፋላሚዎችን ጉልበት የምትለኩት በዚያ እንደሆነ በኩራት ትናገራላችሁ። እንግዲያው የእኔን ያገላብጡልኝ። የፈለግኩትን ምት አጥቼ በስሕተት ወደ ኋላ የዘለልኩበትን፣ መከላከል ሲገባኝ የተቀመጥኩበትን፣ ባሕሩ አጠገብ ማንም ሳይነካኝ በራሴ ጊዜ የገባሁበትን ሁሉ ያያሉ። ካዩ በኋላም፣ የዚህ ደብዳቤ ባለቤት በክፍል ሁለት ዘመን በሙሉ የተሸነፈው ያለ ይሉኝታ፣ ያለ ርኅራኄ፣ ያለ አንዳች የአማች አክብሮት፣ በገዛ ራሱ ድክመት ብቻ መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይጻፉልኝ። ማኅተም ቢኖረው ይመረጣል፤ አማቴ ማኅተም ያከብራሉ። ሌላው ሰው ጎበዝ ነው ተብሎ እንዲጻፍለት ይለምናል። እኔ የምለምነው የማልረባ መሆኔ እንዲረጋገጥልኝ ነው፤ ይህን ለመመስከር ደግሞ ከክፍልዎ የተሻለ ዕውቀት ያለው አካል አላውቅም።

መቅዘፊያውን ስለ ማስረዘም፣ ሆዱንም ስለ ማስተንፈስ ጥያቄ ለማቅረብ አልደፈርኩም። እናንተ ያስተካከላችሁትን እንደገና ብታስተካክሉት ምን እንደሚመጣ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ለክፍልዎ ዕድሜን፣ ለሠራተኞቹ የእሑድ ዕረፍትን፣ ለእርስዎም ማንም የማያጎድለው የጉልበት ልክ እየተመኘሁ፣ ያላሸነፍኩትን ድል አሸክማችሁ ስለሰደዳችሁኝ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ያለ ፈቃዱ አሸናፊ የሆነው፣
ሊፍት ጠጋኙ ደንበኛዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ እንደጨረስኩ፣ ከመለጠፌ በፊት ባለቤቴ ሳታስፈቅደኝ ለአባቷ በስልክ አነበበችላቸው። የማዛጋቱን ቦታ ድገሚልኝ አሏት አሉ። ከዚያም «ይኼ ሁሉ ላለመቻሉ ነው የተጻፈው? እንግዲያው እሑድ እመጣለሁ፤ አሮጌውን አውጡት» አሉ። መጡ፤ ተላጭተው ነበር። ክፍል ሁለትን ከፈትን። ተሸነፍኩ፣ ደግሜም ተሸነፍኩ፤ ሁሉንም በሐቅ። ፊታቸው እየፈካ መጣ። በመጨረሻው ግጥሚያ ግን፣ በችሎታ ሳይሆን እንዲሁ በአጋጣሚ፣ የዳቦ ጋጋሪው ቡጢ ደረሰ፤ ደገመና ደረሰ። የቀዛፊውን ቀሪ ጉልበት የሚያሳየው መስመር እንደ ክር ቀጥኖ ቀረ፤ ቀዛፊው ከዳቦ ጋጋሪዬ አጠገብ ቆሟል፤ ጣቴም ቁልፉ ላይ ነው። በዕድሜዬ የማሸንፍበት አንድ ንክኪ ብቻ ቀርቶኛል። ዘወር ብዬ አየኋቸው፦ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆነው፣ ጆይስቲኩን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ያ «ደህና ነኝ» የሚሉት ነገር ትዝ አለኝ። ጣቴን አነሣሁ። መቅዘፊያው መጣ።

አማቴ ስክሪኑን ትተው እጄን ለረጅም ጊዜ አዩት። ፊሽካ ሊነፉ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ብርጭቆአቸውን ለልጃቸው ዘረጉና፣ «ሙይልኝ፤ የሚመጣው እሑድ ቀደም ብዬ እመጣለሁ» አሉ። ባለቤቴም ሻዩን እየቀዳች፣ ለማጽናናት ያህል ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «አይዞህ፣ ዛሬስ ትንሽ ነው የቀረህ» አለችኝ።

ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ ይቅርብኝ፤ መዝገብዎ ውስጥ ያቺ የተነሣች ጣት ስላለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም አልነግራትም። እዚህ መጻፌ ግን ምንም አያሰጋኝም፦ በእናንተ የአስተያየት ገጽ ላይ የተለጠፈ ነገር ማንም እንደማያነበው፣ ከማንም ይልቅ እናንተ እንደማታነቡት በሚገባ አረጋግጫለሁ።